የአራስ ቤት ወፍ

ክንፍ ያላት ፍጥረት ከእኛ ገደል ወዲያ ለምን አልሄደችም? ልጆቼን ድሬ ፊደል ከቆጠርሁ ወዲህ ያነበብሁት ሁሉ ይህን አልመለሰልኝም።

ያን ጊዜ ከጉና ግርጌ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ ነበርሁ። ሴት ናትና እስከ ክርስትናዋ ሰማንያ ቀን ቤት መዋል ነበረብኝ፤ ጓሮ እንኳ ስወጣ ክፉ እንዳይለክፈኝ ቢላዋ ይዤ ነው። ከሩቅ የመጣ ወንድ ወደ አራስ ቤት ዝር አይልም። ከመደቡ ላይ ሆኜ በግድግዳው ስንጥቅ የማያት አንዲት ወፍ ብቻ ነበረች፤ ጀርባዋ አመድማ፣ ጉሮሮዋ የጎመን ዘር አበባ የመሰለ። ከጓሮው ቀርከሃ ትወርዳለች፣ ትለቅማለች፣ ትመለሳለች።

ከደብረ ታቦር አንድ ፈረንጅ መጣ። ከገደሉ አፍ ላይ ጉሮሮው እንደ እሷ ቢጫ የሆነውን ወንዱን ወፍ ተኩሶ ጣለና፣ በአገሩ መጻሕፍት ያልተጻፈ ወፍ ነው አለ አሉ፤ ሴቷንም ፈለገ። ጭቃ ሹሙ ባሌን መንገድ መሪ አድርጎ ሰጠው። "ሴቷ ሳትገኝ ቤትህን እንዳታይ!" አለው።

"ምን ሊያደርገው ነው? ሊበላው?" አሉ አማቴ።

"ቆዳውን ገፎ ጥጥ ይጠቀጥቅበታል" አለ ወሬ ያመጣው ጎረቤት፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ።

"ወይ ጉድ! እኔ ለኩታ ያጣሁትን ጥጥ ለወፍ ሬሳ!"

ሳቅሁ። ወዲያው ሳቄ ደረቀ። እነሱ የጉናን ቁልቁለትና ዳገት ሲያስሱ፣ የሚፈልጓት ከጓሮዬ ናት። ብናገር ይገድሏታል፤ ዝም ብል ባሌ ውርጭ ላይ ያድራል። በስንጥቁ ዘንግ አሾልኬ፣ "ሂጂ! እኔስ አራስ ነኝ፣ አንቺን ማን አሰረሽ?" እላታለሁ። የገደሉን ወንዝ ትሻገርና ከማዶ ገብሱ ከሚጀምርበት ስትደርስ ትመለሳለች።

ክርስትናው ያለ አባቷ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ያው ጎረቤት ከጉና ወርዶ ጠበቀን።

"ባልሽን ደረቱን ይዞታል፣ ደም ያስለዋል። ፈረንጁ እንኳ ልልቀቀው ቢል፣ ጭቃ ሹሙ አሻፈረኝ አለ።"

ሕፃኗን እንዳቀፍሁ ወደ አማቴ ዞርሁ። "እሜቴ፣ ወፏ ከጓሯችን ናት። ከወለድሁ ጀምሮ አያታለሁ።"

አልተቆጡኝም። ነጠላቸውን አገልድመው ጉብታው ላይ ወጡና "ወፏ ተገኘች፣ ና!" እያሉ ልጃቸውን ተጣሩ። ከማዶ ሌላ ድምፅ ተቀበላቸው፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ። እኔ ያለ ቢላዋ ጓሮ ቆምሁ። ወፏ ከቀርከሃው ሥር ትለቅም ነበር። ጥሪው ገደሉን ሲሞላው ቀና አለች፤ ግን አልሄደችም።