የታጠበችው የካናዳ ሳንቲም

አባዬ ጡረታ እንደወጣ የካናዳ ሳንቲም ልክፍት ያዘው። ባተርሲ ሰፈር ወዳለው የሳንቲም ሰብሳቢዎች ክለብ ሁለት ዓመት ሲመላለስ «እስቲ ያንተን እንይ» ያለው አንድ ሰው የለም። የሌላውን አድንቆ ስትሪትሃም ወዳለው ፍላታችን ሲመለስ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ፒጃማውን እንደለበሰ «አገኘኋት» ብሎ ከአልጋ ጎተተኝ። በፈረንጆቹ ሰባ ሦስት የወጣች ሃያ አምስት ሳንቲም ናት፤ ባንድ ወገን ፈረሰኛ ፖሊስ፣ በሌላው ንግሥቲቱ። የብዙዎቹ የንግሥቲቱ ምስል አነስ ይላል፣ ዙሪያውን ያሉት ነጠብጣቦችም ከጠርዙ ይርቃሉ። አልፎ አልፎ ብቻ የምትገኘው የብርቋ ግን ምስሉ ተለቅ ብሎ፣ ነጠብጣቦቹ ጠርዙን ሊነኩ ምንም አይቀራቸው። ሦስቴ በአጉሊ መነጽር አሳየኝ። እውነትም ብርቋ ነበረች፤ ሳሎን ውስጥ ተያይዘን ጨፈርን።

የክለቡ ቀን እማዬ ሳምቡሳ ጠብሳ ተከተለችን። ባስ ላይ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣ «ሰው ፊት በቆሻሻ ይቀርባል እንዴ? ትናንት ሳንቲሙን በሎሚና በጨው ፈተግኩለት» አለችኝ።

ክው አልኩ። «የታጠበ ሳንቲም የሞተ ሳንቲም ነው፣ በጠርዙ ካልሆነ እንዳትነኪ» እያለ ያደነቆረን ሰውዬ እኮ ከፊታችን ተቀምጧል። እግዜር ይይልኝ፣ ማልቀስ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ልነግረው ብዬ ነበር፤ ዞር ብሎ ፈገግ ሲልልኝ አቃተኝ።

ክለቡ ውስጥ ሳጥኑ ሲከፈት ሳንቲሟ እንደ አዲስ ማንኪያ ቦግ አለች። አባዬ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ሻይ ጠረጴዛው ጋ ሳምቡሳ የምትደረድረውን ሚስቱን አየ፤ ገባው።

ሊቀመንበሩ፣ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነው፣ ረጅም ጊዜ አገላብጦ አያትና «ብርቋ ራሷ ናት» አለ። ሰው ሁሉ ከበበን። ልበር ምንም አልቀረኝ። ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረና «ማነው ያጠባት?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለ አባዬ። «ሞኝነት ነው።»

ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ አንድ ባንድ ራቅ ራቅ አሉ። እንግሊዝኛዋ ከሱቅና ከሐኪም ቤት የማያልፈው እማዬ እጇን እየጠረገች መጣች።

«ምን አሉ?»

«እንዲህ ያለ ጽዳት አይተን አናውቅም አሉ» አላት አባዬ።

ደስ አላት፤ እኔ ሳቄን ለመዋጥ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ። «እንግዲያው የነሱንም ያምጡ በላቸው፣ ሎሚ አላጣም።»

አባዬ ወደ ሊቀመንበሩ ጎንበስ አለና በእንግሊዝኛ ተረጎመለት፦ «ባለቤቴ ሳምቡሳው ሳይቀዘቅዝ ብሉ ትላለች።»