ወጣችላት ወይስ ወጣችባት

ዛሬ ተማሪዎቼ አንዲት ፊደል ቀይረው የልብወለዴን ሴት ባሏን ገደሉባት። እስካሁን ብቻዬን እስቃለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ሸዋ ሮቢት የተመደብኩ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው።

ታሪኩ ባሏ ርቆ የሄደባት ሴት ዓመታት ስትጠብቀው ነው። መጨረሻው ላይ በሯ ይንኳኳል፤ ከዚያ "ፀሐይ ወጣችላት" ይልና ያልቃል። ለዚህች ዓረፍተ ነገር ሁለት ሳምንት እንደፈጀሁ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የደራሲውን ስም ደብቄ አባዝቼ አደልኳቸውና "በሩን ያንኳኳው ማነው?" አልኩ። "ባሏ" እንዲሉኝ ቸኩያለሁ።

ዘይነባ እጇን አወጣች። "መርዶ ሊያረዳት የመጣ ሰው ነው ቲቸር። ደግሞ የታይፕ ስህተት አለበት፤ 'ወጣችባት' መሆን ነበረበት።"

ክፍሉ በሙሉ ተስማማ። ገና ረፋድ ላይ ሁሉም በደብተሩ ፊቱን እያራገበ ነው፤ ማን ይፈርድባቸዋል።

"ፀሐይ እኮ ተስፋ ናት" ብዬ ተከራከርኩ።

"የት አገር?" አለችኝ ዘይነባ።

ከኋላ ደግሞ አንዱ፣ "ቲቸር፣ ደራሲው የደብረ ብርሃን ሰው ነው አይደል?" አለ። ላቤን ጠረግኩ።

ወረቀቱን ስሰበስብ ሁሉም "ላ"ን ሰርዘው "ባ" ጽፈውበታል። ቤት ገብቼ ደግሜ አነበብኩት። የሚያናድደው፣ በ"ባ" ይበልጣል።

እናንተስ፣ የጻፋችሁትን ወይም የምትወዱትን ታሪክ ሌላ ሰው አንብቦ ሌላ ታሪክ አድርጎባችሁ ያውቃል? ስትነግሩኝ ያደጋችሁበትን አገር አትርሱ፤ ፀሐያችሁ የትኛዋ እንደሆነች ልወቅ።