የእንሰት ፋቂዋ እግር

ወልቂጤ ውስጥ የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት ነበረኝ። ከጎረቤት ጋራዥ የሚጣለውን ባሌስትራ፣ ያለቀ ኩሽኔታና የተበጠሰ ካቴና እየለቀምኩ ከጓሮ እከምራለሁ። ቁራሌዎችም ጫፉ የተበላ ዶማ ወይም የዶለዶመ ማጭድ ሲያገኙ ያመጡልኛል። ባለቤቴ "ይሄን ሁሉ ቆሻሻ ምን ልታደርገው ነው?" ትለኝ ነበር። ሰው ዕድሜ ልኩን የጨበጠውን ብረት መጣል አልሆንልህ ስላለኝ እንጂ እኔም በቅጡ አላውቅም ነበር።

አንድ ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ከዚያ ክምር አክስቴን ሠራኋት። ቸሃ ውስጥ ያሳደገችኝ የእናቴ ታላቅ ናት። ልጅ ሆኜ ሳስታውሳት ሁልጊዜ እንሰት ስትፍቅ ነው፤ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ሽቅብ አንስታ የእንሰቱን ቁራጭ በተረከዟ ፊቷ ካጋደለችው ሳንቃ ጋር አጣብቃ፣ በሁለት እጇ በያዘችው መፋቂያ ወደ ታች ትልገዋለች። ጀርባዋን ከባሌስትራ፣ ጎድኗን ከማጭድ፣ ጣቶቿን ከካቴና አደረግሁት። ያስቸገረችኝ እግሯ ነበረች። ጉልበቷ ሁሉ እዚያ ስላለ፣ እግሯ ካልተወጠረች ሴትየዋ ሥራ ላይ ያለች አትመስልም። እየቆረጥኩ እየበየድኩ ስታገል ከርሜ፣ በመጨረሻ ከጭነት መኪና በወጣ አሮጌ ሻፍት ተሳካልኝ። ተረከዟን ከዶማ ሠራሁት።

በዚያው ዓመት ለአንድ በዓል የተቋቋመ ኮሚቴ ሐውልቷን አየና አደባባይ ላይ ትቁም አለ። ደስ ብሎኝ በስጦታ ሰጠኋቸው። አይሱዙ አምጥተው ጫኗት።

በዓሉ ሲቃረብ የኮሚቴው ሰብሳቢ አስጠራኝ። ምሳውን በልቶ መምጣቱ ነው፤ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሐውልቷን ይዞራል።

"ሥራህ ቆንጆ ነው" አለኝ። "ይቺ እግር ግን ትቆረጥ።"

"ለምን?"

"ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ሴት ልጅ እግሯን ሰቅላ አደባባይ ላይ! ነውር አይደለም? ደግሞ እንሰት መፋቅ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው። እኛ የያዝነው ገጽታ ግንባታ ነው።"

ከጥርሱ ያወጣትን ነገር አየት አድርጎ እንትፍ አለ። የተፋው ቆጮ ነበር።

"እኔ አልቆርጥም። ካልፈለጋችኋት መልሱልኝ" አልኩት።

"አሁንማ የሕዝብ ንብረት ሆናለች፣ ወንድሜ!" ብሎኝ ሄደ።

ዛቻ ብቻ መስሎኝ ነበር። የምረቃው ቀን አክስቴን ከቸሃ አስመጣኋት። አዲስ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አስጠርጋ ከጎኔ ቆመች። ንግግሩ አለቀና ጨርቁ ተገፈፈ።

ያቺን እግር በግራይንደር ከጭኗ ቆርጠዋታል። የተቆረጠበትን ቦታ በላሜራ ደፍነው የበየዱት ብየዳ እንደ ንፍጥ ተንጠልጥሏል። ሳንቃውን ነቅለው እጇ ላይ የላሜራ መጽሐፍ አጣብቀውባታል። መላ አካሏን ደግሞ ወርቃማ ቀለም ደፍተውባት፣ ቀለሙ በአገጯ ወርዶ እንደ ልጋግ ደርቋል። እግሯ ሲሄድ ሥራዋም አብሮ ስለሄደ፣ ጎንበስ ብላ ቁጢጥ ያለች ሴት ሆና ቀረች። መጸዳጃ ላይ የተቀመጠች ነው የምትመስለው። ነውር እናጥፋ ብለው ነውሩን አደባባይ ላይ አቆሙት።

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ። ወንበር ላይ ያሉት ግን ያጨበጭባሉ።

አክስቴ "እኔን ሠራሁ ያልከኝ ይቺን ነው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"እግሬን የት አደረሱት?"

ሰዉን እየከፈለች ወደ ሰብሳቢው ሄደች፤ ተከተልኳት። ልትመርቀው የመጣች መስሎት እጁን ዘረጋ። "እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት!"

እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም። "የኔ ልጅ፣ ቆጮ ትበላለህ?"

"እንዴታ!"

"እግር ሳይነሳ እንዴት እንደሚፋቅ ታውቅ እንደሆን ንገረኝ።"

ሰውየው ሳቅ አለና ወደ ካሜራው ዞረ። አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። "ና እንሂድ፤ አቅለሸለሸኝ።" ለእንግዶች የተዘጋጀው ምሳ ሽታ እስከ መንገዱ ይመጣ ነበር፤ ሁለታችንም ሳንገባ ቤት ሄድን።

ከዚያ በኋላ የከተማው ጎረምሶች ለሐውልቷ እዚህ የማልጽፈው ስም አወጡላት። ባጃጆች ስሙን ፌርማታ አደረጉት። ጨዋ የምላቸው አስተማሪዎች እንኳ ሳያፍሩ "እዚያ ጋ አውርደኝ" ብለው ስሙን ሲጠሩ እሰማለሁ። ወንዶች ማታ ማታ ከሥሯ ይሸናሉ። እኔ በዚያ ማለፍ ትቼ በጭቃው በውስጥ መንገድ እዞር ነበር።

መንገዱ ሲሰፋ ነቅለው አንድ ግቢ ውስጥ ሽንት ቤት ጥግ ጣሏት። ያኔ ሰብሳቢው ተዛውሮ ነበር፤ የተተካው ሰው "ውሰዳት፣ ቦታ ይዛብናለች" አለኝ። ቀለሙን በእሳት ሳነሳው የጭሱ ግማት ሳምንቱን ሙሉ ከልብሴ አልወጣም። እግሯን ፈልጌ አጣሁ።

አክስቴን "ሌላ እግር ልሥራልሽ?" አልኳት።

"ተወው። እነሱ ያገላበጡትን አካል አልፈልግም" አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ከአንገት እስከ ወገብ ቆራረጥኳት፤ የሚገርመው ስቆርጥ አላዘንኩም፣ እጄን የታጠብኩ ያህል ቀለለኝ። በሚቀጥለው ክረምት ከሌላ ብረት ሌላ ፋቂ ሠራሁና በሚኒባስ ጣሪያ አስጭኜ ቸሃ ወሰድኳት። አክስቴ ከእንሰቱ መሐል ቦታ መረጠችላት። ማንም አልመረቃትም።