ወንድሜ ጀርባ ላይ የወጣሁ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ በጣሊያን ጊዜ፣ ልደታ ስንኖር ነው። ዛሬ እርጅና ተጫጭኖኝ የትናንቱን እረሳለሁ፤ ያን ቀን ሳስብ ግን አሁንም ላብ ያጠምቀኛል።

ታላቅ ወንድሜ አሰፋ የአርበኞች መልእክተኛ ነበር። ከገጠር በእግሩ ሲገሰግስ ሰንብቶ ቤት ሲደርስ ባቱ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ መራመድ አቃተው። ሳይመሽ ደግሞ ላመጣው መልእክት መልሱን ይዞ ከከተማ መውጣት ነበረበት። እየደገፍኩ ጎረቤታችን ወጌሻዋ እማማ ዘርፌ ዘንድ ወሰድኩት።

እማማ ዘርፌ እጃቸው መድኃኒት፣ አፋቸው እሬት ነው። ሰሌን ላይ በሆዱ አስተኙትና ቅቤ አሙቀው ያሹት ጀመር።

"የመንገደኛ እግር በቀስታ ወደ ላይ እየተሳበ ይታሻል፤ ድካሙ ይወጣለታል። የተሸካሚ ጀርባ ግን ይረገጣል። ሁሉን አንድ አድርጎ የሚያሽ ወጌሻ ሄዶ ሊጥ ያቡካ!"

ባቱ መላላት ሲጀምር ከደጅ የወታደር ጫማ ኮቴ ሰማን። ፍተሻ ነው። ከሩቅ በእግሩ የመጣ ሰው እንደሚፈልጉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እማማ ዘርፌ ያበጠ እግሩን በጋቢ ሸፈኑና "ቶሎ ውጪበት!" አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ ጀርባው ላይ ወጣሁ።

ሁለት ጣሊያኖች ከአስተርጓሚያቸው ጋር ገቡ።

"ይሄ ማነው?" አለ አስተርጓሚው።

"ኩሊ ነው ልጄ፤ ሸክም ወገቡን ብሎት ነው" አሉ እማማ ዘርፌ።

"ታዲያ ምነው ዝም አለ? አባቴ ተሸካሚ ነበር፤ ሲረገጥ ጩኸቱ ጎረቤት ይጠራ ነበር።"

አሰፋ ለካ ወንድነቱ ይዞት ጥርሱን ነክሷል! አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ጋቢው ሰደደ።

ወንድሜ በቅርቡ ገደል ወድቆ የተጎዳ ጎን አለው፤ የቱ ጋ እንደሆነ አውቃለሁ። ተረከዜን አነሳሁና ባለ በሌለ ኃይሌ እዚያው ላይ ረገጥኩት።

"ኧረ በልደታ! ገደለችኝ!" ብሎ ጮኸ።

አስተርጓሚው ሳቀ። ለጣሊያኖቹ የሆነ ነገር ነገራቸው፤ እነሱም እየሳቁ ወጡ። እኔ እዚያው ጀርባው ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

አሰፋ ጎኑን በእጁ ደግፎ ሳይመሽ ሄደ። ከነጻነት በኋላ "እህቴ ረግጣ አዳነችኝ" እያለ ሰው ያስቅ ነበር። እኔ አብሬው ስቄ አላውቅም። አስተርጓሚው ሲስቅ እኔ ደግሜ ልረግጠው እግሬን አንስቼ ነበር፤ ይህን ሳልነግረው አሰፋ ሞተ።