ሐረጎ ዳገት ላይ የጠጣነው ጉሎ

ይህ የደረሰብኝ በጣሊያን ጊዜ ነው። ያኔ ገና ወጣት የጋራዥ ሠራተኛ ነበርኩ። ዛሬ ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ትናንት ምሳ ምን እንደበላሁ እንኳ ልጆቼን ነው የምጠይቀው። የጉሎ ዘይት በሸተተኝ ቁጥር ግን ያ እሑድ ከነፀሐዩ ፊቴ ይደቀናል።

ጋራዡ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነበር። ከደንበኞቻችን አንዱ ጣሊያናዊ መኮንን ነው፤ አሮጌ ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ነበረችው። መኮንኖቹ እሑድ እሑድ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ክብ እየዞሩ ይሽቀዳደማሉ። የእሱ መኪና ግን አርጅታለች። ጥቂት ዙር እንደሄደች የሞተሯ ዘይት በሙቀት እንደ ውሃ ይቀጥንና ግፊቱ ይወርዳል፤ እሱም እየተሳደበ ከሜዳው ይወጣል። ዘይቱን የሚያበርድ ነገር እንድሠራላት ያዘዘኝ ለዚህ ነው።

ከተጣለ ካሚዮን ላይ ትንሽ ራዲያተር ቆርጬ ከፊቷ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ አሰርኩላት። ዘይቱ በመዳብ ቱቦ ከሞተሩ ይወጣል፣ እዚያ ይበርዳል፣ ተመልሶ ይገባል። ደሴ ላይ ስንሞክራት ጉድ አሰኘች። ለነገሩ በደሴ ብርድ እንኳን ዘይት ሰውም አይሞቅም።

ሥራው ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ግን የአንድ ካሚዮን ፍሬን ተበላሸና አብሮኝ የሚሠራ ሰው "ከሽፍቶቹ ጋር ሆነህ ነው" ተብሎ ተወሰደ። በዚያው ቀረ። እናቱ እየመጡ ጋራዡ በር ላይ ይቀመጡ ነበር። እኔም እያንዳንዱን ብሎን የማጠብቀው እሳቸውን እያየሁ ነው።

እሑድ ጠዋት ኮምቦልቻ ወረድን። እሱ ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የዘይቱን ግፊት የሚያሳየውን ሰዓት እከታተላለሁ። በዚያ ሙቀት መኪናዋ ሳትደክም ዞረች፣ ደገመች። መኮንኑ በደስታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከሰዓት በኋላ ወደ ደሴ ስንመለስ ደስታው አናቱ ላይ ወጣና የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ይጋልባት ጀመር።

አጋማሽ ላይ የሰዓቱ መርፌ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወደቀ።

"ቁም! ሞተሩን አጥፋ!" ብዬ ጮህኩ። እሱን አዝዤው አላውቅም ነበር። ቆመ። ወርጄ ሳይ ጥቁር ዘይት ከኋላችን መንገዱን ይዞ ተጋድሟል። የመዳቡ ቱቦ በንዝረት ተሰንጥቋል።

"አንተ ነህ የሠራኸው" አለኝ ቀስ ብሎ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። እጁን ሽጉጡ ላይ አሳረፈ።

ራዲያተሩን ፈታሁና የቱቦውን ደህና ጫፎች እርስ በርስ አገናኘሁ። ማብረጃ ባይኖራትም ቀስ ብላ ከሄደች ደሴ ትገባለች። ዘይት ግን የለንም፤ በእሑድ የሚያልፍ ካሚዮንም የለም። እግረኞቹ የመኮንኑን ልብስ ሲያዩ ከመንገዱ እየወጡ በጥሻው ይዞራሉ። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ብሆን እዞር ነበር።

አንድ ሽማግሌ ብቻ አልዞሩም። ለሰኞ ገበያ ሁለት በቅሎ ጭነው ወደ ደሴ የሚወጡ ሰው ናቸው። ቀጥ ብለው መጡና ሁለት እጄን ያዙኝ።

"አሰላሙ አለይኩም። ደህና ነህ ወይ ልጄ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና? ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል?"

"አልሐምዱሊላህ አባቴ፣ እርስዎስ ደህና ነዎት?" አልኳቸው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወሎ ውስጥ ግን ሰላምታ በመጣበት አፍ ነው የሚመለሰው። እጅ ለእጅ እንደተያያዝን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ በቅሎዎቹን ሳይቀር ተጠያየቅን። አንገት ላይ ገመድ ቢኖርም ሰላምታ አይቆረጥም።

የደረሰብኝን ስነግራቸው ከአንዷ በቅሎ ላይ ትልቅ ቅል አወረዱ። የጭነት ጠፍር የሚያለሰልሱበት የጉሎ ዘይት ነው። ነፍሴ መለስ አለች፤ መኮንኑ ራሱ በአገሩ ለእሽቅድምድም መኪና ጉሎ እንደሚጨምሩ አጫውቶኝ ነበር።

እሱ ግን ቅሉን አላየም፤ የሚያየው የተያያዘውን እጃችንን ነበር።

"ታውቀዋለህ" አለኝ። አላውቃቸውም አልኩት።

"የማይተዋወቅ ሰው እንዲህ አይሳሳምም። እዚህ እንደምንቆም ነግረኸው ነው ዘይት ይዞ የመጣው። ምን ጨመራችሁበት? አሸዋ?"

ሽጉጡን አወጣ። በአንድ ዓይኑ እኛን፣ በአንድ ዓይኑ ቁጥቋጦውን ያያል፤ ሽፍታ መፈለጉ ነው። የወሎ ሰው የማያውቀውንም ሰው የበቅሎውን ደህንነት ይጠይቃል ብዬ በየትኛው ጣሊያንኛ ላስረዳው?

"ምን ይላል?" አሉኝ ሽማግሌው።

"ዘይቱ ውስጥ ነገር አለበት፣ ተማክራችኋል ይላል፣ አባቴ።"

"አብሽር፣ አይዞህ" አሉኝ።

ሰጪ አስቀድሞ መቅመሱ የአገር ወግ ነው። ግን ጉሎ የሚቀምስ ማን አለ? እሳቸው ቅሉን አነሱና እንደ ጠላ ተጎነጩት። ጢማቸውን ጠርገው ለእኔ አቀበሉኝ። ጠጣሁ። ያ የሚያቅለሸልሽ ነገር በጉሮሮዬ እየወረደ ዓይኔ ከሽጉጡ አፍ አልተነሳም።

መኮንኑ ቅሉን ነጠቀኝና አሸተተ። ጣቱን ነክሮ አሻሸው። ከዚያ ሽጉጡን ወደ አፎቱ መልሶ "ጨምር" አለኝ።

ሞተሩ ተነሳ። ሽማግሌውን ላመሰግን ዞር ስል "ግባ!" ብሎ ጮኸብኝ። ስንሄድ ዞሬ አየኋቸው፤ ባዶውን ቅል በቅሎዋ ላይ እያሰሩ ነበር። መኪናዋ ደሴ በሰላም ገባች። የእኔን ሆድ ግን ተዉት፣ እሱን አልጽፈውም።

በማግስቱ ገበያ ውስጥ ስፈልጋቸው ቀድሜ ያወቅኩት በቅሎዎቹን ነው። ሽማግሌው ፊታቸው ገርጥቶ ግንብ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አባ ይመር እንደሚባሉ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው።

"ወላሂ፣ ከሐረጎ እስከ ደሴ ያልጎበኘሁት ቁጥቋጦ የለም" አሉኝ። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ሳቁ ሲበርድ፣ ሽጉጡን እያዩ ለምን ዝም ብለው እንዳልሄዱ ጠየቅኳቸው።

"ፍራቱንስ ፈርቼ ነበር" አሉ። "ግን አሰላሙ አለይኩም ብዬሃለሁ። ሰላም ላንተ ይሁን ያልኩትን ሰው ለሞት ጥዬው ልሂድ?"

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ዛሬ ልጆቼ "አባባ፣ ሰላምታህ ረዘመ፣ ታክሲው ሄደ እኮ" እያሉ ይቀልዱብኛል። ይሂድ። እኔን ሰላም ያሉኝ ሰው ቃላቸውን እንዴት እንደጠበቁ አይቻለሁና፣ ቸኩዬ ሰላም ማለት አልችልም።