ልጄን ያማሁበት ፎርም

እኔ በማጋነን የማፍር ሰው አይደለሁም። አንድ ጊዜ እዚህ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ የወረደ በረዶ የመኪናዬን መስታወት ሰብሮት ነበር። ጠጠሩ እንቁላል ያህላል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለጓደኞቼ ሳወራው ሐብሐብ አከለ፤ በሳምንቱ ደግሞ አንዱ ጠጠር ውስጥ ዓሣ አገኘሁ። ማንም አልተቆጣኝም። የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የምለውን ለአሥር አካፍሎ ነው የሚሰማኝ።

ይህ ምላሴ የሚተሳሰርበት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ልጄን አሞግስ ስባል። ወላጆቼም እኔን አሞግሰውኝ አያውቁም፤ እርግጥ እነሱ በቂ ምክንያት ነበራቸው። እኛ ዘንድ "ልጅህ እንዴት ናት?" ሲሉህ "አለች፣ ምን ትላለች፣ እንዲያው ስትጎለት ትውላለች" ትላለህ። ጠያቂው የኛ ሰው ከሆነ ጎበዝ መሆኗ ይገባዋል። "ኧረ አስቸግራናለች!" ካልክማ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች ማለት ነው።

ባለፈው ሰመር የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ኦሮራ ውስጥ ለአንድ ሳምንት የሚሰጥ የፉትቦል ካምፕ ካልገባሁ አለች። በእግር የሚመታውን ሳይሆን ያንን በሁለት በኩል የሾለውን፣ በእጅ የሚወረወረውን ኳስ ነው። ወርዋሪው ኳርተርባክ ይባላል፤ ሮጦ የሚቀልበው ሪሲቨር። እሷ ሪሲቨር ናት። ፎርሙን ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቅኩ በስልኬ ሞላሁት። መጨረሻ ላይ "ልጅዎ በምን በምን ጎበዝ ነው? በዝርዝር ይግለጹልን" ይላል። እኔም እንደ ደንቡ ጻፍኩ፤ "ይህን ያህል የምትባል አይደለችም። ሩጫዋ እንደ ነገሩ ነው። ኳስም ከእጇ ሳይወድቅ አይቀርም። እባካችሁ ታገሷት።"

በልቤ "በጣም አበዛሁት፤ ጉረኛ ይሉኝ ይሆን?" ብዬ ሰግቼ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከሰፈራችን ከግሪን ቫሊ ራንች ተነስተን ሦስት ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ ልጄና ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡት አማቴ። አማቴ ተጣጣፊ ወንበራቸውን ሜዳው ዳር ዘርግተው፣ ጃንጥላቸውን ከፍተው ተቀመጡ። ትልልቆቹ ልጆች ሰማያዊ ካናቴራ ተሰጣቸው፤ የስድስትና የሰባት ዓመቶቹ ቢጫ። ለልጄ ቢጫ ሰጧት። እምብርቷ ላይ ቀረ።

ከሕጻናቱ መሃል ስትቆም መዋዕለ ሕጻናት ግቢ የተተከለ የመብራት ምሰሶ መሰለች። ኳሱ ስፖንጅ ነው። የሚወረውርላት ኳርተርባክ ሁለት የፊት ጥርሶቹን የጣለ ልጅ ነበር፤ የወረወረው ኳስ እስኪደርስ አንድ ተሳፋሪ ኤርፖርት አድርሼ እመለሳለሁ። በየአሥር ደቂቃው ፊሽካ ይነፋና ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዘው ውሃ ሊጠጡ ይሄዳሉ። ልጄም እጇን ተይዛ ሄደች።

ወደ ቤት ስንመለስ የመኪናውን በር በኃይል ዘጋችው።

"አባዬ፣ ፎርሙ ላይ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?"

"ያው… እንደ ደንቡ ነዋ።"

"ኮቹ 'ዩር ዳድ ሁሉን ነግሮናል፣ ኢትስ ኦኬይ' አለኝ። ኢትስ ኦኬይ! አንድ ቤቢ ጁሱን ሼር አደረገኝ፣ አባዬ። ፊል ሶሪ አድርጎልኝ!"

ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። ሰመሩ ሲያልቅ ሃይስኩል ትገባለች። የትምህርት ቤቱ የሴቶች ቡድን አሠልጣኝ አርብ ዕለት ካምፑ ድረስ መጥታ ልጆች ትመርጣለች፤ የምታየው ግን ሰማያዊ ለባሾቹን ብቻ ነው። ልጄ ዓመቱን ሙሉ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ኳስ እያነጠረች የቀለበችው ለዚህች አርብ ነበር።

"አስተካክለው" አለችኝ።

በማግስቱ የካምፑ አሠልጣኝ ዘንድ ሄድኩ። አንገቱ ከጭኔ የወፈረ፣ ጥቁር መነጽሩን ለሻወርም የሚያወልቀው የማይመስል ሰው ነው።

"ፎርሙ ላይ የጻፍኩት… ልክ እንደዚያ ማለቴ አልነበረም" አልኩት።

"ጎበዝ ናት ማለትህ ነው?"

አማቴ ከጃንጥላቸው ስር ያዩኛል።

"እህ… ምንም አትልም" አልኩ።

ትከሻዬን ያዘኝ። "ሰር፣ እዚህ የሚመጣ ወላጅ ሁሉ ልጄ ነገ ፕሮፌሽናል ይሆናል ይለኛል። እውነቱን የጻፍክልኝ አንተ ብቻ ነህ። ፎርምህን ለሠራተኞቼ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላቸው።"

በዚያው ቅጽበት ጥርስ አልባው ኳርተርባክ ኳሱን ወደ ኋላው ወረወረው። ልጄ እንደ ሚዳቋ ተወርውራ በአንድ እጇ ቀለበችው። ወላጆች አጨበጨቡ። አማቴ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ወደ ግራም ወደ ቀኝም "እትፍ! እትፍ! ምኗም አያምር!" አሉ፤ ዓይን እንዳይበላት ነው።

"ምን አሉ?" አለኝ አሠልጣኙ።

"ምኗም አያምር አሉ።" ምን ላድርግ፣ አስተርጉም ሲሉኝ አልዋሽም።

አሠልጣኙ ራሱን እየነቀነቀ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ሲያበቃ "ልጅዎን እንዴት ያበረታቱ?" የሚል በራሪ ወረቀት ሰጠኝ። ለአማቴም አንድ ጨመረልኝ።

ሐሙስ የቤተሰብ ቀን ነበር። ወላጆች ክብ ሠርተን ቆምን። እያንዳንዱ ወላጅ ልጁን ፊት ለፊቱ አቁሞ ሦስት መልካም ነገሮች በሰው ፊት እንዲናገር ታዘዘ። አንዱ አባት የልጄ ክንድ መድፍ ነው አለ፤ መድፈኛው ኳሷን እንደ ትራስ አቅፏታል። አንዷ እናት አልቅሳ ሦስቱን ነገር አሥራ አንድ አደረሰችው። ተራዬ ደረሰ።

"አንደኛ" አልኩ፣ "ጫማዋን ራሷ ታስራለች።"

"ግሩም ጅምር ነው!" አለ አሠልጣኙ።

"ሁለተኛ… ቁርሷን ትበላለች።"

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። አገጯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስለ በረዶ ዓሣ የሚያወራ አፍ ለገዛ ልጁ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር አጣ!

"ምን እያስባሉህ ነው?" አሉ አማቴ ከኋላዬ።

"ፊት ለፊቷ አሞግሳት ነው የሚሉኝ፣ እማማ።"

"ይህ ሁሉ ዓይን ባለበት?!"

"ካላልኩ ነገ ከሕጻናቱ ጋር ትቀራለች። አሠልጣኟም አታያትም።"

አማቴ ጃንጥላቸውን ለመድፈኛው አባት አስያዙና መጥተው ትከሻዬ ስር ቆሙ። "እንግዲያው ተናገር። እኔ ከሥር ከሥር እተፋበታለሁ።"

ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። "ይህች ልጅ የወረወርኩላት ነገር መሬት ነክቶ አያውቅም።"

"እትፍ!"

"ጥርሷን እየቦረሸች ከፍሪጅ አናት የወደቀ ሳህን ቀልባለች።"

"እትፍ! እትፍ!"

"በኔ ጥፋት ከሕጻናት ጋር ተሰልፋ አንድ ቀን አልቀረችም። ለዚያ ትንሽ ኳርተርባክ ኳስ አያያዝ ስታሳየው ነበር፤ አይቻታለሁ። እኔ ብሆን ኖሮ ሰኞውኑ ጥዬ እሄድ ነበር።"

"እትፍ! ምኗም አያምር!"

አንዴ ከተፈታሁ ማን ያቆመኛል? "እንደሷ ያለ እጅ ኮሎራዶ ውስጥ የለም! ዩታም የለም! ነብራስካን ጠይቁ!"

"ነብራስካ ማን ነው?" አሉ አማቴ በሹክሹክታ።

"ጎረቤት ግዛት ነው፣ እማማ።"

"እትፍ በነብራስካም!"

አሠልጣኙ ግራ ገብቶት "ደህና ናቸው?" አለኝ።

"እያገዙኝ ነው።"

"ታዲያ ፎርሙስ?"

"ፎርሙም ይህንኑ ነው የሚለው። በኛ አባባል።"

መነጽሩን አወለቀ፤ ዓይን እንዳለው ያን ቀን አወቅኩ። ትክክለኛውን ኳስ አንስቶ "ሩጪ!" አላት። አምስት ጊዜ ወረወረላት፤ አራቱን ቀለበች። አምስተኛው ሲወድቅባት አማቴ "ተመስገን! አሁን ማንም አይቀናባትም" ብለው እፎይ አሉ። አሠልጣኙ ቢጫውን ካናቴራ ተቀብሎ ሰማያዊ ሰጣት።

አርብ የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ መጣች፤ ቀጭን፣ ኮፍያ ያደረገች ሴት። የትልልቆቹ ኳርተርባክ ኳሱን ልክ እንደ ሰደበው ሰው ነው የሚወረውረው፤ የመጀመሪያው የልጄን ደረት መትቶ ወደቀ። ሁለተኛውም ወደቀ። እኔ ሜዳው ዳር ያለውን ሣር መንጨት ጀመርኩ። ሦስተኛውን ግን ከጭንቅላቷ በላይ ዘልላ አወረደችው፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ እንደ ፖስታ ቤት ተቀበለች። ሴትዮዋ ወረቀቷ ላይ ጻፈች፤ ሲያልቅ ልጄን ለብቻዋ ጠርታ አነጋገረቻት። ከሩቅ የሰማሁት "ኦገስት" የሚለውን ብቻ ነው።

ልጄ በፊቴ አልፋ መኪናው ውስጥ ገባች። አማቴ ከኋላ ተቀመጡ።

"ምን አለችሽ?" አልኳት።

"ኦገስት ላይ ልምምድ ጀምሪ አለችኝ።"

አፌን ከፈትኩ።

"አባዬ፣ ፕሊስ፣ ምንም አትበል። ደስ ብሎኛል።"

እስከ ቤታችን በር ድረስ ቻልኩ፤ ከበሩ ወዲያ ያልኩትን ለአሥር አካፍላችሁ ስሙኝ።