ሲንቋቋ የዋለው ሃርድ ዲስክ

መርዳሳ የሰርግ ቪዲዮ በቀኑ አስረክቦ አያውቅም። ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ያሳመረው ነገር ሁሉ ያልበቃው ስለሚመስለው ነው። ሙሽራዋን ከፏፏቴ ውስጥ ያወጣታል፤ «አይ፣ ከጽጌረዳ ብትወጣ ይሻላል» ብሎ ያፈርሰዋል፤ ቀጥሎ ሁለት እርግብ ይጨምራል። እርግቦቹ በረው ሳይጨርሱ ሙሽሮቹ ይወልዳሉ። አንዷ እንዲያውም ቪዲዮዋን የተረከበችው ባሏን ከፈታች በኋላ ነው እየተባለ በአዳማ ይታማል። እሱ ግን አያፍርም፤ «ቢያንስ እርግቦቹ አልተፋቱም» ይላል።

የቀመሪያ ሰርግም ሁለት ዓመት አለፈው። «ለዒድ ይደርሳል» ሲላት ዒዱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ባለፈው ወር አርሲ ነገሌ ያሉት አባቷ ሞቱ። ከለቅሶ እንደተመለሰች በቀጥታ ሱቁ መጣች።

«እርግብ አልፈልግም» አለችው። «አባቴ የመረቀኝን ብቻ ስጠኝ። ድምፁ ሌላ የትም የለኝም።»

መርዳሳ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ኮምፒውተሩ ገና እንደተከፈተ ሃርድ ዲስኩ ጀመረ፤ ቀጭ... ቀጭ... ቋ። ድምፁ ሳምንት ሆኖታል። መርዳሳም ሳምንቱን ሙሉ ዘፈን ከፍ አድርጎ ላለመስማት ሲሞክር ነው የከረመው። ያ ድምፅ ሲመጣ ዲስኩ የቀረው ዕድሜ ጥቂት እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። የካሜራውን ሚሞሪ ደግሞ አጥፍቶ ስንት ሰርግ ቀርጾበታል። አባትየው ያሉት እዚያ የሚንቋቋ ነገር ውስጥ ብቻ ነው።

ፍላሽ ሰክቶ ምርቃቱን ሊገለብጥ ሲል አምፖሉ ጠቀሰው። ግድግዳ የምትጋራው ጁስ ቤት ቆጣሪም ትጋራዋለች፤ እዚያ አቮካዶ በተፈጨ ቁጥር እዚህ መብራት ይርገበገባል። ወደ ጁስ ቤቷ ባለቤት ሮጦ ሄደ።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል አይፍጩ፤ በእናትዎ!»

«በዚህ ሙቀት? በጠራራ ፀሐይ? ሰዉ ምን ይጠጣ፣ ያንተን ፏፏቴ?»

«መብራቱ ከተቋረጠ ዲስኩ ሁለተኛ አይነሳም። የቀመሪያ አባት አሉበት።»

ጥሩነሽ በሱቁ በር አንገቷን አስግጋ ቀመሪያን አየቻት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ መፍጫውን ከሶኬት ነቀለችው። ስፕሪስ ሊጠጡ ለመጡት ደግሞ «ዛሬ ጥርስ ያለው ሙዝ ይብላ» ብላ አንድ አንድ አደለችና እሷም መጥታ ቆመች።

መቅዳት ተጀመረ። መርዳሳ ዲስኩ እንዳይነቃነቅ ጠረጴዛውን እንኳ አልተደገፈም።

«ይሄ የሚንቋቋው ምንድነው?» አለች ቀመሪያ።

ማራገቢያው ነው ሊላት ነበር፤ አፉ ግን እምቢ አለው። «ዲስኩ ነው፤ እየሞተ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ላሳምር ላሳምር እያልኩ አስቀምጬብሽ።»

ቀመሪያ አልተቆጣችም። «አባቴም ሲያስል እንዲህ ነበር» አለች። «ሁለቴ ያስልና ዝም ይላል። እኛ የምንፈራው ዝም ሲል ነበር።»

ዲስኩም ልክ እንደሰማት ሁሉ ዝም አለ። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። ጥሩነሽ አማተበች። ቀጭ! መቅዳቱ ቀጠለ። ሰባ... ሰማንያ... ምርቃቱ አለቀ። የጭፈራውን ሊቀጥል ሲል ዲስኩ ቆርቆሮ ውስጥ እንደተናወጠ ባቄላ ተንኳኳና ጨርሶ ጸጥ አለ።

«ምን ቀረ?» አለች ቀመሪያ።

«የባልሽ ጭፈራ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። «እሱስ እንኳን ጠፋ!»

መርዳሳ ምንም ሳይቆርጥ፣ ምንም ሳይቀጥል ከፈተላት። ነፋሱ ማይኩን ይመታል፣ የሆነ ሕፃን ያለቅሳል። አባትየው ከግራሩ ሥር ቆመው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ ይመርቃሉ፤ ወተት ከቤታችሁ አይጥፋ፣ ልጆቻችሁ ይብዙ፣ ደጃችሁ እንግዳ አይጣ። ሰዉ «አሜን!» ይላል። ቀመሪያም «አሜን» አለች። መርዳሳ ተከተላት። ግማሹን እንኳ በቅጡ ያልገባት ጥሩነሽ ከሁሉም በላይ ጮኻ «አሜን!» አለች፤ ሙዝ የያዙትም ከበር ላይ ተቀበሏት።

«መልሰው» አለች ቀመሪያ።

መለሰው። ከጁስ ቤቱ በኩል አንድ አዲስ ደንበኛ ጠረጴዛ እየደበደበ «የሰው ያለህ!» ሲል ጥሩነሽ ዞራ ሳታይ፣ «ጠብቅ፣ እየተመረቅን ነው!» አለችው።